ባለ አንድ ብሩ ኢንጂነር

በዚህ ከተማ እያንዳንዱ ቢሮ፣ እያንዳንዱ ዘመድ አዝማድና እያንዳንዱ እቁብ አንድ ባለ አንድ ብር አለው። ሰውዬው በስልኩ ገንዘብ ከመላኩ በፊት አንድ ብር ይልካል። ከዚያ ይደውልና «ደረሰች?» ይላል። ደርሳለች ስትሉት ስልክ ቁጥራችሁን እንደገና ያስነብባችኋል፣ ስማችሁን እስከ አያት ያስጠራችኋል። ዋናው ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከመጣ። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ስልካችሁን አውጡና የላካችሁትን ተመልከቱ፤ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

ተራውን ባለ አንድ ብር ማንም ይችለዋል፤ ቢበዛ ጥሪ ያበዛባችኋል። አደጋው የሚመጣው ይህ ሰው ተምሮ፣ ጥቁር ጋውን ለብሶ ተመርቆ፣ የሌላ ሰው ገንዘብ የሚያልፍበትን መተግበሪያ እንዲሠራ ሲቀጠር ነው። ክቡር ኢንጂነር ሉልሰገድን የማስተዋውቃችሁ ለዚህ ነው።

የምንሠራው ቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ደረጃው ሲረገጥ የሚጮህ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ እንዴት እንደተረፈ ባለቤቱም የማያውቀው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሉልሰገድ ፕሮግራሙን ይጽፋል። እኔ፣ የዚህ ዓምድ ክፍያ ከማኪያቶ ስለማያልፍ፣ ፕሮግራሙ ለሰው የሚናገረውን አማርኛ እጽፋለሁ። ስልካችሁ «እባክዎ የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ» ሲላችሁ ከጀርባው ምሳውን ያልበላ ጸሐፊ እንዳለ አትርሱ።

በተቀጠርኩ ማግስት ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ሰላም አላየሁም። ክፍያ የሚያስተላልፍ ነገር በነካካ ቁጥር የሚሞክረው ወደ እኔ በመላክ ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ስልኬ ጢን ይላል፤ አንድ ብር። ታክሲ ውስጥ ጢን፤ አንድ ብር። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ጢን። ወዲያው ይደውላል። «ደረሰች?» ደርሳለች። «በጣም ጥሩ፤ መንገዱ ክፍት ነው» ብሎ ይዘጋል። እግዜር ይስጥልኝ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። ብሯን ከኪሱ ስለሚያወጣት ለጋስ ነው የሚሉ የቢሮ ሰዎች አሉ። የእሱን ልግስና ዓመቱን ሙሉ ብታጠራቅሙት አንድ ቁርስ በቅጡ አያበላም።

የሕይወት መመሪያው «አንዷ ካለፈች ሺዋም ታልፋለች» የሚል ነው። በስብሰባ መጀመሪያ ላይ ይላታል፣ መጨረሻ ላይም ይላታል። አንድ ቀን ድመት ባለፈችበት ቀዳዳ በሬ አያልፍም አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። ያንተ እንቁላል እግር ካወጣ ቆይቷል፣ መንገድ ነው የፈራው አልኩት፤ አልሰማኝም። ወደ እኔ አንድ ብር እየላከ ነበር።

አትፍረድበት፣ ሥራው ነው የምትሉኝ ካላችሁ ከሥራ ውጭ ያለውን ኑሮውን እነሆ። ቁርስ የምንበላበት ካፌ ውስጥ አይናዲስ የምትባል አስተናጋጅ አለች። ሂሳብ ሲከፍል አስቀድሞ አንድ ብር ይልክላታል፤ ከዚያ ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ ፊቷን ያያል። «ኢንጂነር፣ አንዷ ደርሳለች። እህቶቿንም ላክልኝ፣ ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው» ትለዋለች። በየቀኑ ነው የምትለው። እሱም በየቀኑ እንደ አዲስ ደስ ይለዋል።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጫማ ሊገዛ አብረን ሄድን። የግራውን ለካ፤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ በጣቱ ቆመ፣ አንዴ ዘለለ። ሻጩ የቀኙን ሲያቀብለው በእጁ መለሰው። «ግራው ካለፈ ቀኙም ያልፋል» አለ። የቀኙ ጫማ በፋብሪካ ስህተት ይሁን በሻጩ ብልጠት አንድ ቁጥር ያንሳል። ክቡርነታቸው ያንን ክረምት እያነከሱ አሳለፉ፤ ሰው ሲጠይቃቸው «ግራው ምንም ችግር የለበትም» ይሉ ነበር።

መኪና ልገዛ ነው ካለ ስንት ዓመቱ። ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ያንንም አልክድም። የሚሸጥ አሮጌ መኪና ሲገኝ ባለቤቱን አስቀምጦ ከፒያሳ ወደ ታች፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ይነዳል። «ይሄዳል» ብሎ ይወርዳል። ቁልቁል ምን የማይሄድ አለ? ዳገቱን ወደ ላይ ንዳው ስለው ገና በሚቀጥለው ዙር ይለኛል። የሚቀጥለው ዙር መጥቶ አያውቅም፤ መኪናዎቹን ሌሎች ሰዎች እየገዙ ዳገቱን ወጥተውበታል።

የጽዮንንም ነገር ላንሳ፣ ምንም እንኳ እሱ ባይወድ። ጽዮን አራት ኪሎ የምትሠራ፣ ጥርሷ የሚያምር፣ ለእሱም ከልቧ ትስቅለት የነበረች ልጅ ናት። ሁለት ወር ካሰበ በኋላ መልእክት ላከላት። መልእክቱ «ሰላም» ይላል። እሷም «ሰላም ሉልሰገድ፣ እንዴት ነህ?» ብላ መለሰች። ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ፊቱ በርቷል። «ደርሳለች፤ መንገዱ ክፍት ነው» አለኝ። እና ምን ብለህ መለስክላት? አልኩት። ገና አልመለስኩም አለ። አልመለሰም። ጽዮን ባለፈው ጥር አገባች፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ያጣራው ሰው ሳይሄድበት ሌላው ሄደበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ።

በድልድዩ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች የቆየ እቁብ አላቸው። ዳኛው አቶ እሸቴ ናቸው፤ ሰዓት የሚጠግኑ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የተናገሩት የማይታጠፍ ሽማግሌ። ገንዘብ በፌስታል መያዝ ሰልችቷቸው መተግበሪያ ሥሩልን ብለው መጡ። አባላቱ በስልካቸው ወደ እቁቡ የባንክ ሂሳብ ይከፍላሉ፤ እሁድ ባለ እጣው ሲታወቅ ዳኛው አንድ ጊዜ ይነካሉ፣ ገንዘቡ ከእቁቡ ሂሳብ ወደ ባለ እጣው ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው። ሥራው ለሉልሰገድ ተሰጠ።

ባንክ ደግሞ ገደብ አለው። ከአንድ ሂሳብ በቀን ከዚህ መጠን በላይ አይወጣም ይላል፤ በቀን ከዚህ ጊዜ በላይ አይላክም ይላል። ገደቡ ሲሞላ እምቢ ብሎ ምክንያቱን በግልጽ ይመልሳል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን መልስ ተቀብሎ ለተጠቃሚው በሰው ቋንቋ ማስረዳት አለበት። ይህንን የሚለማመድበት መሞከሪያም ባንኩ ራሱ ሰጥቶናል፤ ውስጡ ያለው ገንዘብ የውሸት ነው። ሚሊዮን ብትልክ ማንም አይከስርም። ገደቡን ጥሰህ ብትልክ ባንኩ በእውነቱ ቀን የሚሰጥህን መልስ እዚያው ይሰጥሃል። የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ሉልሰገድ በውሸቱ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚልክ ታውቃላችሁ? አንድ ብር። በዓይኔ ነው ያየሁት። ሚሊዮን የውሸት ብር ከፊቱ ተቆልሎ፣ ማንም የማይጠይቀው፣ ማንም የማያለቅስለት ብር፣ ከላዩ አንዷን ቆንጥሮ ይልካል። ምነው ትንሽ ብትደፍር ስለው «የውሸትም ቢሆን ገንዘብ ነው» አለኝ። ስስት አይቻለሁ፤ የሌለ ገንዘብ ላይ የሚሰስት ሰው ግን ከእሱ በፊት አላየሁም።

እኔ በበኩሌ ሥራዬን ሠርቻለሁ። ለእያንዳንዱ የባንክ እምቢታ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሰጠሁት። ለገደቡ የጻፍኩትን አሁንም በቃሌ አስታውሰዋለሁ፤ «የዛሬው የመላኪያ ገደብ ሞልቷል። ገንዘብዎ አልተነካም። ነገ ጠዋት መላክ ይችላሉ።» ይላል። በሳምንቱ መተግበሪያውን ስከፍተው አንዱም የለም። ምንም ነገር ቢበላሽ የሚወጣው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ «ሲስተም የለም። ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ።»

«ሉልሰገድ፣ የእኔ ጽሑፎች የት ሄዱ?»

«አያስፈልጉም። ማን እዚያ ይደርሳል? ገንዘብ ስልክ ነው የምውለው፣ አንድም ቀን ገደብ ሞልቶብኝ አያውቅም።»

«በአንድ ብር እንዴት ይሞላብሃል?»

«ደግሞ ሰው ሲስተም የለም የሚለውን ለምዶታል። ስትለው ይገባዋል፣ አይቆጣም፣ ወንበር ይስባል።»

እዚህ ላይ እውነት አለው። በዚህ አገር ሲስተም የለም የተባለ ሰው እንደ ዝናብ ይቀበለዋል። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ሲስተም የለም ካለች፣ ጥፋተኛ የለም፣ ተጠያቂ የለም፣ ሁሉም ሰው በዝናብ የተያዘ መንገደኛ ይሆናል። ስንቱ ስንፍና በዚህች ቃል ሥር እንደተጠለለ ፈጣሪ ይወቀው። ሉልሰገድም አንድ ክፍል እዚያ ተከራየ።

ለእቁቡ ሌላ ጥንቃቄም ጨመረ። እሁድ እሁድ፣ ትልቁ ገንዘብ ከመላኩ በፊት፣ ከእቁቡ ሂሳብ ወደ እኔ ስልክ አንድ ብር ይልካል፤ ብሯን ከኪሱ ይተካል። አቶ እሸቴ ፈቅደውለታል። እንዲያውም ወደውታል። «ጠንቃቃ ልጅ ነው» ይሉኝ ነበር። ከሽማግሌ ጋር አይከራከሩም።

ከአባላቱ አንዷ እትዬ አክበረት ናቸው። ክር፣ አዝራርና የጥልፍ ዕቃ ይሸጡ የነበረበት ሱቅ ከአካባቢው ጋር ፈርሶ ዕቃቸው በእህታቸው ሳሎን ተከምሮ ከረመ። የልብስ ሰፊ ደንበኞቻቸው እየደወሉ የት ገባሽ ይሏቸዋል፤ ሳሎን ለሳሎን ክር አይሸጥም። በመጨረሻ ድልድዩ አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተገኘች። አከራዩ አቶ አባይነህ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ሌላ ተከራይ በር ላይ ቆሞባቸዋል። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ፣ እሁድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከገባ ቁልፉ የአክበረት ነው፤ ካልገባ የሌላው ነው ብለው ቆረጡ። አቶ እሸቴ አባላቱን አማክረው የዚያን እሁድ እቁብ ያለ እጣ፣ በስምምነት ለእትዬ አክበረት ሰጡ። የቸገረው ሲኖር እንዲህ ይደረጋል፤ አንድም ሰው አልተቃወመም።

በዚያ እሁድ ክቡርነታቸው ኢንጂነሩ ከወትሮው የበለጠ ፈሩ። ለእትዬ አክበረት የሚላክ ነው፣ ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፣ መበላሸት የለበትም። ስለዚህ ሞከሩ። ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ አንዴ ሞከሩ። ሰፈር ውስጥ ኔትወርኩ ሌላ ሊሆን ይችላል ብለው በር ላይ ሞከሩ። ታክሲ ውስጥ ሞከሩ። አራት ኪሎ ወርደው ሞከሩ። ፒያሳ ደርሰው ሞከሩ። እቁቡ የሚሰበሰብበት ካፌ በር ላይ አንዴ፣ ገብተው አንዴ፣ ወንበር ቀይረው አንዴ። እኔ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ፤ ጢን፣ ጢን፣ ጢን። አጠገቤ የቆሙት እናት ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። እያፈርኩ ስልኬን አጠፋሁ፤ በልቤ ያልኩትን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማለት አልነበረብኝም።

ከሰዓት በኋላ ካፌው ደረስኩ። አቶ እሸቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ እትዬ አክበረትን አንዴ አይተው፣ ስልኩን ነኩ።

ሲስተም የለም። ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ።

በጨዋ ደንብ ትንሽ ቆየን። እንደገና ነኩ። ሲስተም የለም። አቶ እሸቴ ወደ ሉልሰገድ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህ ትንሽ የሚለው ስንት ነው?» አሉት። ሉልሰገድ ትንሽ ነው አላቸው። እንደገና ቆየን። ፊት ለፊት የተቀመጠው ስልክ ጠጋኙ የሲን ሻዩን እያማሰለ፣ «ሲስተሙ እሁድ እረፍት ይወጣል እንዴ? የት ነው የሚዝናናው፣ ሄደን እንጥራው» አለ። ሰው ሳቀ። እትዬ አክበረትም ሳቁ፤ እሳቸው ሳቁን ቶሎ ነው የጨረሱት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ባንክ ዝግ ነው። እያንዳንዳችን እናዋጣ ቢባልም እቁብ በከፈለበት ቀን የነጋዴ ኪስ ባዶ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን የእትዬ አክበረት ስልክ ጮኸ፤ አቶ አባይነህ ናቸው። አነሱና «እየመጣ ነው፣ ሲስተም የለም እያለን ነው» አሉ። የተመለሰላቸውን አልሰማንም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ወደይ» አሉ ወደ ሉልሰገድ፤ ሲጨንቃቸው ትግርኛው ይቀድማቸዋል። «ልጄ፣ ሰውዬው ሲስተም ምናምን አላውቅም ነው የሚለኝ። እውነቱን ንገረኝ፣ ይመጣል ወይስ አይመጣም? የማይመጣ ከሆነ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ።»

«አንድ ብር ልሞክር» አለ ሉልሰገድ።

ሞከረ። ሲስተም የለም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዷ አላለፈችም። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣ፣ ከፈተና ባንኩ በእውነት የሚለውን፣ ራሱ በሲስተም የለም የሸፈነውን መልስ ፈልጎ አወጣ። እኔ ከትከሻው በላይ አነበብኩ። ባንኩ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ነበር የሚለው፤ ከዚህ ሂሳብ ዛሬ የሚፈቀደው የመላኪያ ብዛት አልቋል፣ ነገ። ከሥሩ ብዛቱን የጨረሱት ክፍያዎች ተዘርዝረዋል። አንድ ብር። አንድ ብር። አንድ ብር። ሁሉም ወደ እኔ ስልክ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል አገሬ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሲያጣራ መንገዱን የዘጋው እሱ ነው።

አቶ እሸቴ ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው፣ «ምን ይላል ልጄ? ሲስተሙ ነው አይደል?» አሉ። እንዴት ያለ ክፍት በር ነው ያሳዩት። አዎ ማለት ብቻ ነው። ካፌው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንን አምኖ ጨርሷል፤ ማንም ለምን አይልም። እኔም ጎንበስ ብዬ በጆሮው «አዎ በላቸው፣ ነገ ይከፈታል» አልኩት። ብልጥ ነኝ ብዬ ነው። አራዳ ነኝ ብዬ ነው።

ተነሣ። በዚያ ጊዜ ያንን የጠበበ የቀኝ ጫማ ያደረገ ነው የሚመስለው፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር የቆመው።

«ሲስተም አለ፣ አቶ እሸቴ። ባንኩም ደህና ነው። የዛሬውን ገደብ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ አንድ ብር እየላክሁ። ባንኩ ነግሮን ነበር፣ እኔ ነኝ ሲስተም የለም እንዲላችሁ የጻፍኩት። ገንዘቡ ያለበት አለ፣ ነገ ጠዋት ይወጣል። ዛሬ ግን አይወጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ስልክ ጠጋኙ የሲን ሻዩን ማማሰሉን አቆመ። ብዙ መሥሪያ ቤት ተሰልፌ አውቃለሁ፣ ብዙ መስኮት ፊት ቆሜያለሁ፤ ሲስተም አለ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ያለ ሰው በዚያ ቀን ነው የሰማሁት።

«እና እኔስ?» አሉ እትዬ አክበረት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይቀል ነበር።

«ይደውሉላቸውና ስልኩን ይስጡኝ፣ እትዬ» አለ።

ከአቶ አባይነህ ጋር ሲነጋገር የእሱን ብቻ ሰማን። ስሙን ተናገረ፣ ጥፋቱን ደግሞ ተናገረ፤ ለማያውቀው ሰው ሳይቀር። ቀብድ አሁን ቢገባ እስከ ነገ ጠዋት ይጠብቁ እንደሆነ ጠየቀ። አቶ አባይነህ ግማሹ ይግባ፣ ያውም ስልኩን ሳልዘጋው ማለታቸውን በኋላ ነገረን። ሉልሰገድ የራሱን ስልክ አወጣ። ለመኪና ያጠራቀመውን፣ ስንት ዓመት ቁልቁል ብቻ የነዳበትን ገንዘብ ከፈተ።

መጀመሪያ የራሱን ሂሳብ ገደብ አየ፤ በቂ ነው። ይህንን ሲያደርግ በሕይወቱ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከዚያ የአቶ አባይነህን ቁጥር በጆሮው እየሰማ ጻፈ፤ አንዴ ብቻ። ብሩን ጻፈ። እኔ አንዷን እየጠበቅሁ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ፈርቼለት፣ «መጀመሪያ አንድ ብር አትልክም?» አልኩት።

«ሰዓት የለም» አለ።

«መንገዱ ክፍት መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለና ነካው።

ሉልሰገድ የእትዬ አክበረትን ስልክ በጆሮው ይዞ ቆሟል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ደረሰ ወይ ብሎ ለመጠየቅ አፉን ከፍቶ ድምፁ አልወጣ አለው። በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ የጠየቀው ጥያቄ ነው። እትዬ አክበረት ስልኩን ከእጁ ቀስ ብለው ወሰዱና ራሳቸው ጠየቁለት። ሰሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ደርሷል» አሉ። «ነገ ጠዋት ቁልፉን ውሰጂ ብሎኛል።»

ሉልሰገድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ላቡን በእጅጌው ጠረገ። አቶ እሸቴ ተነሥተው ትከሻውን አንዴ መታ አደረጉትና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በእቁቡ ሂሳብ አንድ ብር አትሞክርም» አሉት። ያ ፍርድ ነበር፤ ይግባኝ የለውም።

ሰኞ ጠዋት የእቁቡ ገንዘብ በሰላም አለፈ። እትዬ አክበረት ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ቁልፉ ጣታቸው ላይ፣ ለሉልሰገድ ቀብዱን መለሱለት። እኔ አብሬው ነበርኩ። ስልኩ ጢን አለ፤ አንድ ብር። እትዬ አክበረት እዚያው ከፊቱ ቆመው «ሉሌ፣ ደረሰች?» አሉት። ቀሪውን ያን ጊዜ ላኩ።

ከዚህ በኋላ ተለወጠ ብዬ ባሰናብታችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ተለውጧል፣ ግን እንደ እሱ ነው የተለወጠው። ጽሑፎቼን በሙሉ መልሶ አስገባ፤ አሁን እያንዳንዱ የባንክ እምቢታ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ ሲስተም የለም የምትለዋ ተባርራለች። በውሸቱ ገንዘብ ደግሞ ማን ይቻለው። ከገደቡ በታች ይልካል፣ ልክ ገደቡ ላይ ይልካል፣ ከገደቡ ጥቂት አሳልፎ ይልካል፣ ብዛቱን እስኪሞላ ደጋግሞ ይልካል፤ ባንኩ እምቢ ባለው ቁጥር እጁን ያፋትጋል። አይናዲስን በቀን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ማኪያቶ ስንት ነው ብሎ ጠይቋታል። ጫማ ሲገዛ ሁለቱንም እግር ይለካል፣ ከዚያ አንድ ቁጥር የሚበልጠውንና አንድ ቁጥር የሚያንሰውን ይለካል፤ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩት ዕቃ ማንሳት ይጀምራሉ። መኪናውን ግን አልገዛም። ዳገቱን እየሞከረ ነው።

ሙከራው ሁሉ በውሸቱ ገንዘብ ስለሆነ ወደ እኔ የሚላክ ነገር የለም። መጀመሪያ አካባቢ እፎይ አልኩ። ቅዳሴ በሰላም አስቀደስኩ፣ ለቅሶ ቤት በሰላም ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ውኃውን እንደዘጋሁ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። የሆነ ነገር እየጠበቅሁ ነበር። ታክሲ ውስጥም እንዲሁ፤ ስልኬን አወጣለሁ፣ አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ስንት ሰው በሕይወት መኖሬን በየቀኑ ያጣራ ነበር? ብቆጥራቸው አንድ ናቸው።

ይህን ዓምድ የጀመርኩት ልሰድበው ነበር፤ ከላይ ያለውንም ስድብ አልሰርዘውም፣ ሁሉም ይገባዋል። ግን ዛሬ ጠዋት ከመጻፌ በፊት ስልኬን አንሥቼ ወደ ቁጥሩ አንድ ብር ላክሁ። ከዚያ ደወልኩ። ሲያነሳው እንዴት አደርክ ሳልል «ደረሰች?» አልኩት።

ላፕቶፑን ሲነካካ ተሰማኝ። የውሸት ገንዘብ እየላከ ሳይሆን አይቀርም።

«ደርሳለች» አለኝ። «መንገዱ ክፍት ነው።»